ምዕራፍ 7፦ ጾመኛው ቁጥቋጦ

ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ፣ አንድ የማውቀው ቤት ደጃፍ ላይ ከሰው ቁመት የሚያልፍ ቁጥቋጦ ቆሟል። አብዛኛውን ዓመት ዞር ብሎ የሚያየው የለም። ኤፕሪል ሲጋመስ ግን፣ ብዙ ዓመት ልክ በፋሲካ ሰሞን፣ በዚያ በር የሚያልፍ ሁሉ ሳያስበው ቆም ይላል። ከየቅርንጫፉ ጫፍ የወይን ዘለላ የመሰለ ሊላ አበባ ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ ሽታው ከመንገዱ ማዶ ይሰማል። ሊላክ ይባላል።

የቤቱ እመቤት ታናሽ እህት ኮተቤ ትኖራለች። ከስምንት ዓመት በፊት እህቷን ልትጠይቅ ሄዳ ሽታው ልቧን ወሰደውና፣ የዕፅዋት ጤና ወረቀቱን አሟልታ አንድ ችግኝ ይዛ ተመለሰች። ችግኙ አላሳፈራትም። ጸደቀ፣ ቅጠል አወጣ፣ አጥሩን አልፎ ታየ። አበባ ግን አንድም ዓመት የለም። አንዷ ጎረቤት «ውሃ አንሶት ነው» አሉ፤ ሌላዋ «ፍግ ጨምሪበት» አሉ፤ ሦስተኛዋ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «የሰው ዐይን ነው» አሉ። እኔን ስታገኘኝ፣ «ጋሼ፣ ስለ ተክል ይጽፋሉ አሉ፤ እስቲ መጥተው ይዩልኝ» አለችኝ።

ሄጄ አየሁት። ጤነኛ ነው። ውሃም ፍግም አልጎደለውም። የጎደለው ብርድ ነው።

ወደ ነገሩ ከመግባታችን በፊት አንድ የቃል ችግር እንፍታ። የእኛ ክረምት ዝናብ ነው፤ የሰሜኑ ሰው ክረምት የሚለው ደግሞ ውርጭና በረዶ ነው። እንዳንደናገር በዚህ ምዕራፍ «የብርድ ወራት» እና «የሙቀት ወራት» እያልኩ እሄዳለሁ። ዓመቱም የአውሮፓውያኑ ነው።

ከወይራና ከጠምበለል ቤተሰብ

ሊላክ እንግዳ ቢመስልም ዘመዶቹ ደጃችን ላይ ናቸው። የዕፅዋት ሊቃውንት ከወይራ ቤተሰብ ይመድቡታል። አጥር ላይ እየተጠማዘዘ የሚወጣው፣ ነጭ አበባው ማታ ማታ ቤቱን የሚያውደው ጠምበለልም ከዚያው ቤተሰብ ነው። ሊላኩን ጠጋ ብሎ ላየው ዝምድናው አይጠፋውም፤ እያንዳንዷ ትንሽ አበባ ቀጭን ቱቦ ሆና ጫፏ ላይ በአራት ትከፈላለች። ስዊድናዊው ሊንየስ በ1753 ያጸናው ሳይንሳዊ ስም ሲሪንጋ ቩልጋሪስ ነው። ሲሪንጋ ቱቦ፣ ዋሽንት ከሚል የግሪክ ቃል የመጣ ነው፤ ክሊኒክ የምናውቀው ሲሪንጅ የዚሁ ቃል ወንድም ነው።

የትውልድ አገሩ የባልካን ድንጋያማ ኮረብታ ነው። በ16ኛው ክፍለ ዘመን ኦዢዬ ቡስቤክ የተባለ አምባሳደር፣ ከሱልጣን ሱሌይማን ከተማ ከኢስታንቡል ወደ ቪየና እንዳመጣው ይነገራል። «ሊላክ» የሚለው ስም ከፋርስ ቋንቋ ተነስቶ በቱርክና በዐረብ አፍ አልፎ አውሮፓ ገባ፤ ትርጉሙ ሰማያዊ ቢጤ ነው። እኛም «ሊላ ቀሚስ» ስንል ሳናውቀው ይህንኑ አበባ እየጠራን ነው።

የትውልድ አገሩን ማንሣቴ ያለ ምክንያት አይደለም። በዚያ ኮረብታ የብርዱ ወራት የምር ብርድ ነው፤ የሙቀቱ ወራት ፀሐያማ ነው፤ አፈሩ የኖራ ድንጋይ ያለበት፣ ውሃ የማይቋጥር ነው። ሊላክ የትም ቢሄድ ያንን ኮረብታ ይፈልጋል።

ልብሱ የተሰፋው አምና ነው

አብዛኛው ሰው የሊላክ አበባ አበባው በታየበት ወር የተሠራ ይመስለዋል። አይደለም። የዘንድሮው አበባ በሜይ ሲጠወልግ፣ ተክሉ ወዲያው በጁንና በጁላይ የከርሞውን መሥራት ይጀምራል። በአዲሶቹ ቅርንጫፎች ጫፍ ላይ ጥንድ ጥንድ ሆነው የሚወፍሩ እምቡጦች ይታያሉ። በኦክቶበር አንዱን በምላጭ ሰንጥቃችሁ በማጉያ መነጽር ብታዩት፣ ከርሞ የሚያብበው ዘለላ በሙሉ እንደ ጤፍ ፍሬ ተዛዝሎ ውስጡ ተቀምጧል። በምዕራፍ 2 እምቡጥን የታጨቀ ሻንጣ ብለነው ነበር፤ ይኸ ሻንጣ ስምንት ዘጠኝ ወር ሳይከፈት ይቆያል።

እናቶቻችን የፋሲካን ቀሚስ አስቀድመው አሰፍተው ሣጥን ውስጥ ይቆልፉ የለ? ሊላክም እንደዚያው ነው። ልብሱ ተሰፍቷል፣ ተጣጥፏል፣ ተቆልፏል። በጸደይ የምናየው የመልበሱን ሰዓት ብቻ ነው።

ታዲያ ቁልፉ ማን ዘንድ ነው? መጀመሪያ ቅጠሉ ዘንድ ነው። ቅጠሉ በቅርንጫፉ ላይ ሳለ እምቡጡ እንዳይፈታ ይከለክለዋል። በድርቅ ወይም በበሽታ ቅጠሉ ያለ ጊዜው በኦገስት የረገፈ ሊላክ፣ አንዳንዴ በመከር መሃል አበባ ያወጣል። ያየ ሰው ይደሰታል፤ ጎረቤት ጠርቶ ያሳያል። ነገር ግን ያ አበባ የከርሞው ነው። በሚመጣው ኤፕሪል ያ ቅርንጫፍ ባዶውን ነው።

ቅጠሉ በወጉ ሲረግፍ ደግሞ ቁልፉ ወደ እምቡጡ ውስጥ ገብቷል። በምዕራፍ 4 ቅጠል ማርገፍ ሱቅ መዝጋት እንጂ መሞት አይደለም ያልነውን ታስታውሳላችሁ። አሁን የምንጠይቀው፣ ባለሱቁ መቼ እንደሚከፍት በምን ያውቃል የሚለውን ነው።

ሁዳዴን የሚቆጥር እምቡጥ

የሁዳዴ ጾም 55 ቀን ነው። በሠላሳኛው ቀን የጎረቤት ወጥ ቢሸትም፣ የሚጾም ሰው «ዛሬስ ፋሲካ ይመስላል» ብሎ አይገድፍም። ቁጥሩ አልሞላማ! ሊላክ የሚያደርገው ይኸንኑ ነው።

በዲሴምበር ወይም በጃንዋሪ ዋሽንግተን አካባቢ ድንገት ሦስት አራት ቀን ይሞቃል። ሰው ካፖርቱን ያወልቃል። ሊላክ ግን ንቅንቅ አይልም። ያንን ሙቀት አምኖ አበባውን ቢያወጣ በሳምንቱ የሚመጣው ውርጭ ልጆቹን ይፈጅበት ነበር። በባልካን ኮረብታ በሐሰተኛ ሙቀት የተታለሉት ዘር ሳይተኩ ቀሩ፤ መቁጠር የሚችሉት ተረፉ።

የሚቆጥረው የብርድ ሰዓት ነው። ብርድ ስል ማንኛውንም ብርድ አይደለም። ከሁሉ የሚሠራለት ከዜሮ በላይ ሆኖ እስከ ሰባት ዲግሪ ገደማ ያለው፣ ማለትም የማቀዝቀዣ ሣጥናችሁ ውስጥ ያለው ዓይነት ቅዝቃዜ ነው። ከዜሮ በታች ሃያ ዲግሪ የወረደ ብርድ ጾሙን አያፋጥንለትም፤ እንዲያውም ቆጠራው ይቆማል። የውስጡ ሥራ የሚሠራው በሕያው ፈሳሽ ውስጥ ስለሆነ፣ ሲበዛ ከቀዘቀዘ ሥራው ራሱ ይተኛል።

ይህ የውስጥ ሥራ ምን እንደሚመስል አስፐን በተባለ ዛፍ ላይ የተደረጉ ምርምሮች ጥሩ ፍንጭ ሰጥተዋል። በሕዋሳት መካከል መልእክት የሚያልፍባቸው ጥቃቅን በሮች አሉ። እንቅልፉ ሲገባ እነዚህ በሮች ካሎስ በሚባል ስኳር ነክ ነገር፣ እንደ ጭቃ በሉት፣ ይለሰናሉ። «ንቃ» የሚለው መልእክት ቢላክም በሩ ላይ ይቀራል። ብርዱ ሳምንታት ሲቆይ ልስኑ ይነሣል፤ በሩ ይከፈታል።

በሩ ተከፈተ ማለት ግን አበባው ወጣ ማለት አይደለም። ጾሙ ቢፈታም ወጡ መሠራት አለበት። ከብርዱ ቆጠራ ቀጥሎ ሁለተኛ ቆጠራ አለ፤ እሱ የሙቀት ነው። እምቡጡ የበቃውን ያህል ሞቃት ቀን እስኪያጠራቅም ይቆያል። አንድ ዓይነት ሊላክ ዋሽንግተን በኤፕሪል፣ ቦስተን በሜይ፣ ስቶክሆልም በሜይ መጨረሻና በጁን መግቢያ የሚያብበው ለዚህ ነው። የቦስተኑ የዛፍ መናፈሻ አርኖልድ አርቦሬተም ከ1908 ጀምሮ በሜይ «የሊላክ እሑድ» ያከብራል። አሜሪካ ውስጥ ጆሴፍ ካፕሪዮ የተባለ የሞንታና ተመራማሪ ይህን ጠባዩን አይቶ፣ በ1950ዎቹ ፈቃደኛ ሰዎች በየቤታቸው ሊላክ ያበበበትን ቀን እየጻፉ እንዲልኩለት አደረገ። ያ መዝገብ ዛሬ ጸደይ ከዓመት ዓመት ምን ያህል እየፈጠነ እንደመጣ ማሳያ ሆኗል። ቴርሞሜትር የሙቀቱን ልክ ይነግረናል፤ ሊላክ ደግሞ ያ ሙቀት ለአንድ ተክል ምን ትርጉም እንዳለው ይነግረናል።

በምዕራፍ 5 ያየናት ቡናም ትቆጥራለች። እሷ የምትቆጥረው ግን ድርቅ ነው። እምቡጧን ይዛ በደረቁ ወራት ትጠብቃለች፤ ዝናብ ሲመታት ከሳምንት ብዙም ሳይቆይ ጫካው ነጭ ይሆናል። ሁለቱም ጾመኞች ናቸው፤ የሚፈስኩበት ምልክት ነው የሚለየው።

ቁልፉን የሰበሩ ሰዎች

በ19ኛው ክፍለ ዘመን የፓሪስ ሀብታም በጃንዋሪ ነጭ ሊላክ ጠረጴዛው ላይ ማየት ይወድ ነበር። አበባ ነጋዴዎቹ ዘዴ አበጁ፤ ብርድ የቀመሰውን ቁጥቋጦ ከነሥሩ ነቅለው ሞቃት ጨለማ ቤት ያስገቡታል። የሚገርመው፣ ሊላ የነበረው አበባ በዚያ ሙቀትና ጨለማ ነጭ ሆኖ ይወጣል። ቀለሙን ለመሥራት ጊዜ አያገኝም።

ችግሩ ጾሙ ሳይሞላ ዘዴው አለመሥራቱ ነበር። ይህን የፈታው ቪልሄልም ዮሐንሰን የተባለ የኮፐንሃገን ሳይንቲስት ነው። ሊላኩን በተዘጋ ሣጥን ውስጥ አስገብቶ፣ ያኔ ሐኪሞች በሽተኛ የሚያደነዝዙበትን የኢተር ጋዝ ለሁለት ቀን ያህል አጠነው። ሰውን የሚያስተኛው ጋዝ ተክሉን ቀሰቀሰው! ዘዴውን በ1900 በመጽሐፍ አወጣው። እሱም ቢሆን ልክ ነበረው፤ በእንቅልፉ መግቢያና መውጫ ይሠራል፣ በጥልቁ መሃል ግን እምብዛም አይሠራም። በኋላ ሃንስ ሞሊሽ የተባለ የዕፅዋት ሊቅ ከኢተር የረከሰ መንገድ አገኘ፤ ቅርንጫፎቹን ለብ ባለ ውሃ፣ ከ30 እስከ 35 ዲግሪ፣ ከዘጠኝ እስከ ዐሥራ ሁለት ሰዓት መንከር።

ዮሐንሰን የሚታወቀው በሊላኩ አይደለም። በ1909 «ጂን» የምትለዋን ቃል ለዓለም የሰጠው እሱ ነው።

ኮተቤ ላይ ምን ሆነ?

አዲስ አበባ ብርድ የላትም ብል የኮተቤ ሰው ይስቅብኛል። በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊቱ ከ10 ዲግሪ ወርዶ ያንቀጠቅጣል። ችግሩ ቀኑ ነው። እኩለ ቀን ላይ ፀሐይዋ ወጥታ ከ20 ዲግሪ ታሳልፈዋለች።

በ1974 የዩታ ተመራማሪዎች ለኮክ ዛፍ የብርድ ሒሳብ ሲሠሩ አንድ ጠቃሚ ነገር አስገቡ። ሙቀቱ ከ16 ዲግሪ ገደማ ሲያልፍ፣ ያ ሰዓት አልቆጠረም ተብሎ ብቻ አይታለፍም፤ ከተጠራቀመው ላይ ይቀነሳል። የኮተቤው ሊላክ ሌሊት ይጾማል፣ ቀን ይገድፋል። ንጋት ላይ የሰበሰበውን ከሰዓት በኋላ ያጣል። እንዲህ እያለ ስምንት ዓመት ሙሉ ሁዳዴን ሲጀምር ኖሯል።

«ጃካራንዳውስ? እሱም ቅጠሉን ያረግፋል፣ ሊላ ያብባል» ብላ የሊላኩ ባለቤት ጠየቀችኝ። ጥሩ ጥያቄ ነው። ጃካራንዳ የሞቃት አገር ዛፍ ነው፤ ቅጠሉን የሚያረግፈው በደረቁ ወቅት ውሃ ለመቆጠብ ነው። የሚቆጥረው ብርድ የለም፤ ስለዚህ አይጎድልበትም።

በአገራችን ይህን ችግር ከማንም በላይ የሚያውቁት የጨንቻ አፕል ገበሬዎች ናቸው። አፕልም ጾመኛ ነው። ጨንቻ ከፍታዋ ይረዳታል፤ ከዚያ በላይ ግን የረዳት አጭር ጾም ያላቸው ዝርያዎች መገኘታቸው ነው። ከእነሱ አንዷ አና ናት፤ እስራኤል ውስጥ ለሞቃት ቦታ ተብላ የተዳቀለች። ኢንዶኔዥያ፣ ጃቫ ደሴት ላይ፣ የባቱ ገበሬዎች ሌላ ብልሃት አላቸው። ከምርት በኋላ ቅጠሉን በእጅ ይገፉታል። ቅጠሉ በጊዜ ሲነሣ፣ እምቡጡ ከባዱ እንቅልፍ ሳይይዘው ይፈታል። የመጀመሪያውን ቁልፍ ሰብረው ሁለተኛው እንዳይቆለፍ መቅደም ማለት ነው።

ለሊላክም የተሞከረ ነገር አለ። ዎልተር ላመርትስ የተባለ አዳቃይ ደቡብ ካሊፎርኒያ ውስጥ «ላቬንደር ሌዲ» የተባለችውን አጭር ጾም ያላትን ሊላክ አወጣ። እዚያም ቢሆን አትክልተኞቹ በመከር ውሃውን ቀነስ ያደርጉባታል፤ ብርዱ ያላደረገውን ጥማት እንዲያግዝ። እንደ ካሊፎርኒያ ባለ ቦታ ይሠራል። ለባሕረ ሰላጤ አገሮች ነዋሪ ግን ችግኙን አትግዙ ነው የምለው።

መቀሱ የሚነሣው መቼ ነው?

እስካሁን ያልነው ከገባን አትክልተኛው የሚያስፈልገውን አብዛኛውን አውቋል።

የሲልቨር ስፕሪንጓ እህት አንድ ዓመት አበባ አጥታ ነበር። ሣር የሚያጭዱላት ሰዎች በኦክቶበር፣ ግቢውን ለማሳመር ብለው፣ ቁጥቋጦውን እንደ ወታደር ፀጉር እኩል ከርክመውት ሄዱ። ከየቅርንጫፉ ጫፍ የወደቀው ደረቅ ጭራሮ አልነበረም፤ የተሰፋው ቀሚስ ነው። ሊላክ የሚገረዘው አበባው እንደጠወለገ፣ በሁለት ሦስት ሳምንት ውስጥ ነው። የከርሞው ስፌት ሳይጀመር። ከጁላይ በኋላ መቀስ ያነሣ ሰው የሚቆርጠው አበባ ነው።

ያረጀና ሽቅብ የሸሸ ሊላክ አበባውን ጣሪያ ላይ ይወስደዋል፤ ለወፍ ነው የሚያብበው። እንዲህ ያለውን ባንድ ጊዜ መጨረስ አያስፈልግም። በየዓመቱ ከአሮጌዎቹ ግንዶች ሲሶውን ከመሬት ጠጋ አድርጋችሁ ቁረጡ፤ በሦስት ዓመት ታድሱታላችሁ። ከሥሩ የሚበቅሉትን ቡቃያዎች ጥቂቱን ተተኪ አድርጉ። ተክሉ በሌላ ተክል ሥር ላይ የተዳቀለ ከሆነ ግን ቡቃያው የባዕድ ሊሆን ይችላልና ቅጠሉን እዩት፤ የሊላክ ቅጠል የልብ ቅርጽ አለው።

በቀን ቢያንስ ስድስት ሰዓት ፀሐይ ስጡት። በጥላ ውስጥ ይኖራል፣ አያብብም። ውሃ በሚቋጥር መሬት ሥሩ ይበሰብሳል። አፈሩ ኮምጣጣ ከሆነ ጥቂት ኖራ ይወዳል። ማዳበሪያ ላይ እጃችሁን ሰብስቡ፤ በተለይ ለሣር የሚበተነው፣ ናይትሮጅን የበዛበት፣ ቅጠል ያደልብና አበባ ያስረሳዋል። በሙቀቱ ወራት ማብቂያ ቅጠሉ ዱቄት የተነሰነሰበት ይመስላል። ሻጋታ ነው፤ መልክ ያበላሻል እንጂ አይገድለውም። አዲስ የተተከለ ደግሞ ሦስት፣ አራት፣ አንዳንዴም አምስት ዓመት ሳያብብ ቢቆይ አትቆጡት።

የቱን ዝርያ? ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ለተራው ሊላክ የደቡብ ጠርዙ ናቸው፤ የሙቀቱ ወራት ወበቅም አይስማማውም። እዚያ ላላችሁ «ሚስ ኪም»ን እመክራለሁ። ኤልዊን ሚደር የተባለ አሜሪካዊ በ1947 ከኮሪያ ተራራ ዘሯን ያመጣት፣ አጠር ያለች፣ ሙቀት የምትችል የሊላክ ዘመድ ናት። ሚኒሶታ፣ ቶሮንቶ ወይም ስዊድን ላለ ሰው ግን ምርጫው ሰፊ ነው፤ ብርድ አይጎድልበትም።

ድርብርብ አበባ ያላቸውን ከወደዳችሁ ባለውለታችሁ አንድ ፈረንሳዊ ባልና ሚስት ናቸው። ቪክቶር ለሟን ናንሲ ከተማ ውስጥ አትክልተኛ ነበር። በ1870 የፕሩሲያ ጦር ከተማዋን ሲይዝ፣ ሥራ ፈትቶ ላለመቀመጥ ሊላክ ማዳቀል ጀመረ። ዐይኑ ደክሞ ስለነበር መሰላል ላይ ወጥታ ከጥቃቅኖቹ አበቦች ዱቄቱን የምታሻግረው ሚስቱ ነበረች። ያ የችግኝ ቤት በልጅና በልጅ ልጅ ቀጥሎ ከ200 በላይ ዝርያ ለዓለም አወጣ። ካታሎጉ ላይ የቀረው ስም የባል ነው፤ በ1890 የወጣችው ነጭ ድርብርብ ግን «ማዳም ለሟን» ተብላለች። ቢያንስ እሷን አልረሱም።

ወደ ኮተቤ እንመለስ። ይህን ሁሉ ሳስረዳት የታናሽ እህቲቱ ፊት ጠቆረ። «ታዲያ በረዶ ልግዛለት?» አለችኝ። አንዳንዶች በድስት የተተከለ ትንሽ ሊላክ ማቀዝቀዣ ክፍል ያስገባሉ፤ አጥር አልፎ ለሄደ ዛፍ አከል ግን አይሆንም። እንድትነቅለውና በቦታው ጠምበለል እንድትተክል መከርኳት። የዚያው ቤተሰብ ነው፣ ሽታው አያንስም፣ የሚቆጥረው ብርድም የለም።

ጠምበለሉን ተከለችው፤ አሁን አጥሩ ላይ ወጥቷል። ሊላኩን ግን እስካሁን አልነቀለችውም።